ፈጣን ፈረስ የሚመዘነው በመመለሱ ነው

ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ወደ ጮቄ ተራራ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ብትወጡ፥ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፥ ብርዱም እስከ አጥንት የሚሰማ ደጋ ታገኛላችሁ። በዚያ አገር ፈረስ የብዙ ቤት ባለውለታ ነው። እህል ወደ ገበያ ያወርዳል፤ ሙሽራ ያመጣል፤ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ የበዓል ቀን ሲሆን ደግሞ በግላስ አጊጦ ለጉግስ ይወጣል። እኔም ተወልጄ ያደግሁት በዚያ ነው። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ብሆንም፥ የጥምቀት ሰሞን በደረሰ ቁጥር እግሬ ወደዚያ መስክ ይመራኛል።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጉግስ ጠቅላላ ታሪክ አይደለም። ስለ አንድ ዓይነት ተጫዋች ብቻ ነው፤ ይኸውም ፈረሱ እጅግ ፈጣን፥ ነገር ግን ቀጭንና ምት የማይችል ስለ ሆነው ፈረሰኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሕዝብ ይወደዋል። እልልታው የሚቀልጠው ለእርሱ ነው፤ ልጆችም ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚያነሡት የእርሱን ስም ነው። ሆኖም ወገኑን የሚያሳፍረው፥ ራሱንም የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ እርሱው ነው። ይህ ለምን እንደሚሆንና እንዲህ ባለው ፈረሰኛ እንዴት መጠቀም እንደሚገባ ለመማር አንድ ፈረስ አስከፍሎኛል። ፈረሱም የእኔ አልነበረም።

ጉግስ ላላዩ ሰዎች

ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። እያንዳንዱ በቀኝ እጁ ጫፉ ያልሾለ ዘንግ፥ በግራ ክንዱ ከበሬ፥ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ጋሻ ይይዛል። አንዱ ወገን ፊቱን አዙሮ ይሸሻል፤ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ሲደርስበት ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺውም ጋሻውን ወደ ጀርባው መልሶ ይመክታል። የአባራሪዎቹ ዘንግ ሲያልቅ፥ ወይም ሸሺዎቹ ዞረው ሲገጥሙ፥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲያባርር የነበረው ይሸሻል፥ ሲሸሽ የነበረው ያባርራል። የጨዋታው ምሥጢር ያለው በዚህች በመገለባበጧ ሰዓት ላይ ነው።

ይህ ጨዋታ ለአባቶቻችን የጦር ትምህርት ቤታቸው ነበር። ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት «አባ ጠና»፥ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፥ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» ይባሉ ነበር። ፈረሰኛ ምን ማድረግ እንደሚችል የእኛ አገር ሰው በመራራ ትምህርትም አውቆታል። በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ እምባቦ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተዋጉ ጊዜ፥ የጎጃሙ ንጉሥ ቆስለው ተማርከዋል፤ ለሸዋ ድል የራስ ጎበና ፈረሰኞች ትልቅ ድርሻ እንደ ነበራቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ ሁለቱ ነገሥታት ከነሠራዊታቸው በዓድዋ በአንድ ወገን ተሰልፈዋል።

የዓድዋውን ፈረስ የሚያስታውስ ማኅበርም በአገራችን አለ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ በደንበጫ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ብታልፉ እንጅባራ ትደርሳላችሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚያ ምድር ሲሆን፥ ዓላማውም በዓድዋ የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ማሰብ ነው። አባላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ በግልቢያ፥ በስግሪያና በጉግስ ሲከበር ቆይቷል።

ዳማው

ከአራት ዓመት በፊት በጥምቀት ሰሞን የላይኛውና የታችኛው አጥቢያ ፈረሰኞች ሊገጥሙ ከሮብ ገበያ በላይ ባለው መስክ ተሰበሰቡ። የአጎቴ ልጅ ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር። አጎቴ ለገበያ ጭነት ብሎ የገዛው አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። ደረቱ ጠበብ፥ እግሩ ረዘምና ቀጠን ያለ፥ ከጭነት ይልቅ ለሩጫ የተፈጠረ ነው። ከሁለቱም አጥቢያ በሩጫ የሚቀድመው አልነበረም። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ጋሻውን ከቤት ትቶ መጣ።

«ጋሻህስ?» ብለው፥ «ጋሻ ለሚደረስበት ሰው ነው፤ እኔን ማን ይደርስብኛል?» አለኝ።

እኔም ኮሌጅ ገብቼ ጥቂት ፊዚክስ የቀመስሁ ሰው ነኝና፥ ክብደት ሲቀንስ ፍጥነት እንደሚጨምር አስረድቼ ጥጋቡን አጸደቅሁለት።

ጨዋታው ተጀመረ። የእኛ ወገን ሰዎች በደንዳና ፈረስና በሰፊ ጋሻ ሆነው ተቃራኒዎቻቸውን ቀስ እያሉ ሲፈትኑ፥ ልጁ ከኋላ ቆሞ ትዕግሥት አጣ። ዳማውም ልጓሙን እያላመጠ መሬቱን በኮቴው ይቆፍራል። ሕዝቡ «ዳማው! ዳማው!» ይላል። እኔም ከሁሉ አስበልጬ «ግባ! ግባ እንጂ!» እያልሁ ጮኽሁ።

ገባ። ሦስት መቶ እርምጃ ከሚሆን ርቀት ጀምሮ ሽምጥ ጋለበ። ውበቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ከጓደኞቹ ማንም አልተከተለውም፤ ሊከተለው የሚችል ፈረስም አልነበረም። ከአሥር ከሚበልጡ ፈረሰኞች መካከል ብቻውን ደርሶ ዘንጉን ወረወረ። የተወረወረበት ሰው ጋሻውን መለስ አደረገና ዘንጉ ነጥሮ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ልጁ እጁ ባዶ ነው፤ ጋሻ የለውም፤ ፈረሱ ከሩቅ ጋልቦ ትንፋሹ አልቋል። የተቃራኒዎቹ ፈረሶች ግን ገና አልደከሙም፤ ዘንጎቻቸውም በእጃቸው ናቸው። አንድ ዘንግ ትከሻውን መታው። ደንግጦ ዛቡን በኃይል ሳበና ፈረሱን ባለበት ሊያዞረው ሞከረ። የጠዋቱ ውርጭ ቀልጦ መሬቱን አሙለጭልጮት ነበር። የዳማው የፊት እግር ከአንድ የቆየ የእርሻ ቦይ ውስጥ ገባ። ሲሰበር ድምፁን በመስኩ ዳር የቆምነው ሁሉ ሰማን።

ልጁ በትከሻ ሕመም ተረፈ፤ ፈረሱ ግን አልተረፈም። ማታ አጎቴ አንድ ጎረቤት ጠርቶ መደረግ የሚገባውን አደረገ። የዚያን ዓመት ድንች በሰው ጀርባና በተከራየ አህያ ወደ ገበያ ወረደ። አጎቴ ልጁንም እኔንም አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «መሄዱንማ ሁላችሁም አያችሁለት፤ መመለሱን ያሰበለት ማን ነው?» አለ። ይህ ቃል ከቁጣ የባሰ ሆኖ አገኘሁት።

ፍጥነትና ስብራት ከአንድ ምንጭ

ከዚያ በኋላ ስለ ፈረስ ተፈጥሮ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ያወቅሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ። የፈረስ እግር ከጉልበት በታች ጡንቻ የለውም ለማለት ይቻላል፤ አጥንት፥ ጅማትና ቆዳ ብቻ ነው። ጡንቻው ሁሉ ላይ ወደ ገላው ተሰብስቦ፥ የታችኛው እግር ቀላል ስለ ሆነ እንደ ወንጭፍ ይወረወራል። ፍጥነቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ነገር ግን በሽምጥ ግልቢያ ጊዜ አንዱ እግር ብቻውን መሬት በሚነካባት ቅጽበት የእንስሳውን ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሸከማል። ፈረሱ 3 ኩንታል ቢመዝን፥ ያ ቀጭን እግር 7 ኩንታል ተኩል ተጭኖታል ማለት ነው። ስለዚህ ፈረስን የሚያፈጥነውና የሚሰብረው ነገር አንድ ነው። ፍጥነቱን ወስደን ስስነቱን ለሌላ ልንተውለት አንችልም።

ትንፋሹም እንዲሁ ነው። ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ ለእያንዳንዱ ዝላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል፤ ቸኩሎ መተንፈስ ቢፈልግ እንኳ እግሩ አይፈቅድለትም። በዓለም ላይ ከተለካው የፈረስ ሩጫ ሁሉ የበለጠው እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ የተመዘገበው ሲሆን፥ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ከ760 ሜትር ነበር። ይህም የተለካው በ400 ሜትር ርቀት ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያንን ፍጥነት ይዞ የሚዘልቅ የለም።

እግሩ አንድ ጊዜ ከተሰበረ ደግሞ ማዳኑ ከባድ ነው። ፈረስ እንደ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ወራት ሊቆይ አይችልም። በቀሩት እግሮቹ ሲቆም ክብደቱ የደኅናውን እግር ኮቴ ከውስጥ ያሳምመዋል። ባርባሮ የተባለው ስመ ጥሩ የአሜሪካ ፈረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 የኬንታኪን ታላቅ ሩጫ አሸንፎ፥ በዚያው ወር በሌላ ሩጫ የኋላ እግሩ ተሰበረ። የመጨረሻው ዘመናዊ ሕክምና ተደረገለት። ሆኖም የኮቴው ሕመም ስለ ጠናበት በጥር 2007 ከሥቃዩ እንዲያርፍ ተደረገ። ያ ሁሉ ሐኪም ያላዳነውን እኛ በሮብ ገበያ በላይ እንዴት ልናድነው እንችል ነበር?

የሽማግሌው ትምህርት

በአጥቢያችን ሰው ሁሉ «አያ» እያለ የሚጠራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው የታወቁ ጉግስ ተጫዋች ነበሩ። የአጎቴ ልጅ ትከሻው ከዳነ በኋላ አንድ ቀን ይዞኝ ወደ ቤታቸው ሄደ። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና፥ «አያ፤ ያጠፋሁትን ያውቃሉ። ሁለተኛ በፈረስ ላይ መቀመጥ አይገባኝም ይሆን? ወይስ ይመክሩኛል?» አላቸው።

ሽማግሌውም ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል አልሰማህም? አንተ ፈረሱ እንዲዋጋልህ ፈለግህ። ፈጣን ፈረስ ቅመም ነው፤ ለብቻው ወጥ አይሆንም» አሉት። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን እየተመላለስን የተማርነው በአምስት ነገር ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛው፥ «ቁጠር» የሚል ነው። እያንዳንዱ ተቃራኒ የሚይዘው ዘንግ የተወሰነ ነው። ምት የሚችሉት ደንዳና ፈረሰኞች በሰፊ ጋሻ ሆነው ፊት ለፊት ሲቆሙ፥ ተቃራኒዎቹ በእነርሱ ላይ ዘንጋቸውን ይጨርሳሉ። ፈጣኑ ፈረሰኛ ይህን ሁሉ ከኋላ ሆኖ ይቆጥራል። ጊዜው የሚደርሰው የጠላቱ እጅ ባዶ ሲሆን እንጂ የእርሱ ልብ ሲሞቅ አይደለም።

ሁለተኛው፥ «ከቅርብ ተነሣ» የሚል ነው። ከሩቅ ሽምጥ የጋለበ ፈረስ ትንፋሹን በመንገድ ይጨርሰዋል። በሶምሶማ መጠጋት፥ ከዚያም በመጨረሻዋ መቶ እርምጃ ብቻ መልቀቅ ይገባል። ሦስት መቶ እርምጃ የጋለበው ዳማ ከጠላት መካከል ሲደርስ ፈጣን ፈረስ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ሦስተኛው፥ «በባዶው ጎን ግባ» የሚል ነው። ሰው ጋሻውን የሚይዘው በግራው ነው። ቀኙን የሚጠብቅለት በእጁ ያለው ዘንግ ብቻ ነው። ዘንጉን ከወረወረ በኋላ ቀኝ ጎኑ በር የሌለው ቤት ነው። ፈጣኑ ፈረስ ወደዚያ ጎን ዞሮ ለመድረስ ጊዜ አለው፤ ደንዳናው ግን የለውም። የፍጥነት እውነተኛ ጥቅም ቶሎ መድረስ ብቻ ሳይሆን የሚደርሱበትን ጎን መምረጥ ነው።

አራተኛው፥ «አንድ ጊዜ ወርውር፤ ቆመህ አትመልከት» የሚል ነው። ዘንጉ ነካ ወይስ ሳተ ብሎ ለማየት የሚዘገይ ሰው በዚያች ቅጽበት ይመታል። ሲመለስም ፈረሱን ባለበት ማዞር አይገባውም፤ እንደ ማጭድ በሰፊው እያጠፈ ይውጣ። የመውጫውን መሬት ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር በእግሩ ሄዶ ይመልከት።

አምስተኛውና ዋናው፥ «በር ሳታስከፍት አትሂድ» የሚል ነው። ይህም ፈጣኑ ፈረሰኛ ሲመለስ የገዛ ወገኖቹ መስመራቸውን ከፍተው ያስገቡታል፥ ከኋላውም ይዘጉበታል ማለት ነው። አሳዳጁ ያን ጊዜ የሚገጥመው ከሸሺው ጀርባ ጋር ሳይሆን ከአምስት ሰፋፊ ጋሻዎች ጋር ነው። ይህን በር የሚከፍቱለት ግን አስቀድሞ የተነጋገረ እንደ ሆነ ነው። ሳይነግራቸው ለሄደ ሰው በር የሚከፍት የለም።

ስለ ጋሻው የሰጡት መልስ ደግሞ በተለይ እኔን ነክቶኛል። «ጋሻ ለመሄጃ አይደለም፤ ለመመለሻ ነው» አሉ። ወደ ቤቴ ስመለስ ያንን የፊዚክስ ትምህርቴን እንደገና አሰላሁት። ትንሽ ጋሻ 3 ኪሎ ቢመዝን፥ ፈረሱ ከነፈረሰኛው ደግሞ 360 ኪሎ ቢሆን፥ ጋሻው ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከመቶ አንድ እጅ ለማይሞላ ክብደት ብዬ ልጁን ራቁቱን ልኬው ነበር።

የሌላው ዓለም ምስክርነት

ይህ ትምህርት የጎጃም ብቻ አይደለም። በቱርክ አገር ጂሪት የሚባል፥ ጉግሳችንን በጣም የሚመስል የፈረስ ጨዋታ አለ። አንድ ፈረሰኛ ወደ ተቃራኒው መስመር ጋልቦ ይሄድና ዘንጉን ወርውሮ ወደ ወገኖቹ ይሸሻል፤ የተወረወረበትም ያሳድደዋል። ስለዚህ በዚያም አገር የጨዋታው ግማሽ መመለስ ነው።

በጦርነት ታሪክም ሁለት ምሳሌ ላንሣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ዓመት የሮማው አለቃ ክራሱስ ካሬ በተባለ ስፍራ፥ ዛሬ ቱርክ በሆነው ምድር፥ ከፓርቲያ ሰዎች ጋር ገጠመ። የፓርቲያ ቀስተኛ ፈረሰኞች የብረት ልብስ የሌላቸው ቀላል ሰዎች ነበሩ፤ ከሮማ እግረኛ ጋር እጅ ለእጅ ቢያያዙ አይቆሙም ነበር። እነርሱ ግን ከሩቅ እየነደፉ፥ ሲባረሩም እየሸሹ ወደ ኋላ ይወረውሩ ነበር። ሮማውያን ፍላጻቸው እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ግን አላለቀም። የፓርቲያው አለቃ ሱሬና ፍላጻ የተጫኑ ግመሎች ከኋላ አሰልፎ ነበርና። ፈረሰኞቹ ተመልሰው የሚሞሉበት ነገር ስለ ነበራቸው አሸነፉ፤ ክራሱስም በዚያ ዘመቻ ሞተ።

ሁለተኛው ምሳሌ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1854 በክራይሚያ ጦርነት ባላክላቫ ላይ፥ በተሳሳተ ትእዛዝ ምክንያት፥ 670 ያህል የእንግሊዝ ቀላል ፈረሰኞች በአንድ ሸለቆ ውስጥ በቀጥታ ወደ ሩሲያ መድፍ ጋለቡ። መድፉ ዘንድ ደረሱ። ነገር ግን ከኋላቸው የያዘላቸው አልነበረም፤ በመጡበት ሸለቆ እየተተኮሰባቸው መመለስ ግድ ሆነ። 110 ያህሉ ሞቱ፤ ከ300 በላይ ፈረሶችም አለቁ። ደፋሮች እንደ ነበሩ ማንም አይጠራጠርም። የጎደላቸው ድፍረት ሳይሆን የመመለሻ በር ነበር።

ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ እጁን አወጣና፥ «መምህር፤ ይኸማ እኛ በስልክ የምንጫወተው ነው» አለኝ። ሳቅሁ፤ ሆኖም በዕረፍት ሰዓት እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን የተጀመረው ፖኬሞን የሚባል የአውሬ ውጊያ ነበር። እያንዳንዱ አውሬ የፍጥነት፥ የመምታትና ምት የመቻል ቁጥር አለው። ፈጣኑ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይመታል። ፈጣን ግን ስስ የሆነው አውሬ በአንድ ምት ተቃራኒውን ካልጣለ፥ በሚቀጥለው ምት እርሱ ይወድቃል። ተማሪው እንዲህ አለኝ፤ «መጀመሪያ ፈጣኑን የሚያወጣ ይሸነፋል። እኔ ምት የሚችለውን አስቀድሜ ተቃራኒውን አደክማለሁ፤ አደገኛውን ከሜዳ ካስወጣሁ በኋላ ነው ፈጣኑን የምለቀው። የማያዋጣ ከሆነም በጊዜ እመልሰዋለሁ።» ልጁ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። የሽማግሌውን ትምህርት ግን በጣቱ ተምሮት ነበር። ልዩነቱ በስልኩ የወደቀው አውሬ በሚቀጥለው ጨዋታ መነሣቱ ነው። ዳማው ግን አልተነሣም።

ቡላው

ዳማው ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ እኒያ ሽማግሌ አንድ ቡላ ፈረሳቸውን ለአጎቴ ልጅ በጥምቀት አዋሱት። አጎቴም «ይጋልብ» አለ፤ እንዴት እንደ ከበደው ግን ከፊቱ ይነበብ ነበር። ቡላውም እንደ ዳማው ቀጭንና ፈጣን ነው። ልጁ በዋዜማው መስኩን በእግሩ ዞሮ አየ፤ ከአምስት ከባድ ፈረሰኞች ጋርም ተነጋገረ። ትንሽ ጋሻም ያዘ።

ጨዋታው ተጀምሮ ብዙ ቆየ። ልጁ ከኋላ ቆሟል። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ጮኸ፤ ካልገባ ደግሞ ስድብ ጀመረ። «ፈርቷል! አጥንቱ ያስታውሳል!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ቆምሁ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁና ዘንግ እየቆጠረ መሆኑን አወቅሁ። የተቃራኒው ወገን አለቃ፥ የታወቀ ጎበዝ፥ የመጨረሻ ዘንጉን በአንዱ ደንዳና ፈረሰኛችን ጋሻ ላይ ሲወረውር፥ ቡላው በሶምሶማ ወደ ጎን ወጣ። ማንም ልብ አላለውም። ቀጥሎም ሽምጥ ተለቀቀ።

መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። በአለቃው ቀኝ ደርሶ ዘንጉን ከጀርባው ላይ አሳረፈውና ሳይመለከት በሰፊው ዞረ። አራት ሰዎች ተከተሉት፤ ከመካከላቸው አንዱ ዘንግ ነበረውና ወረወረ፤ በትንሹ ጋሻ ላይ አረፈ። የእኛ መስመር ተከፈተ፥ ቡላው ገባ፥ መስመሩም ተዘጋ። አራቱ አሳዳጆች ባዶ እጃቸውን ከሰፋፊዎቹ ጋሻዎች ፊት ተገኙ። ያን ጊዜ የእኛ ከባዶች ተነሡ፤ ያንን መስክ እስከ ዳር አባረሩ። በዚያ ቀን የላይኛው አጥቢያ እንዳሸነፈ የታችኛውም ሰው አልካደም።

ውድ ተማሪዎችና እናንተም በቅርቡ ሥራ የያዛችሁ ወጣቶች፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ዳማ ፈረስ ነን። አእምሯችን ፈጣን ነው፤ ትምህርታችን ትኩስ ነው፤ ምት ግን ገና አንችልም። በመሥሪያ ቤቱ በገባ በመጀመሪያው ወር ያየውን ጉድለት ሁሉ በአንድ ማስታወሻ ጽፎ ለአለቃው የሚያቀርብ ጓደኛ አለኝ። የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። ግን አስቀድሞ ከማንም ጋር አልተነጋገረም፤ ሲመለስም በር የከፈተለት አልነበረም። ዛሬ በዚያ መሥሪያ ቤት የለም፤ ጉድለቱ ግን አለ። እኔ ፍጥነታችሁን ጣሉት አልልም። ፍጥነት የሌለው ወገን ሁልጊዜ ሲመክት ይውላል እንጂ አያሸንፍም። የምለው፥ ከመግባታችሁ በፊት የምትመለሱበትን መንገድ በእግራችሁ ሂዱበት፤ ሰፊ ጋሻ ያላቸውንም ሰዎች አትናቋቸው ነው።

ከዳር ሆኖ «ግባ!» ብሎ ለሚጮህም ሰው አንድ ቃል አለኝ፤ ይኸውም ለራሴ ነው። የሚሰበረው እግር የጯኺው አይደለም። ስለዚህ ከመጮህህ በፊት በሩ መከፈቱን ተመልከት።

ጨዋታው ካበቃ በኋላ ሰው ሁሉ የአጎቴን ልጅ ሊያቅፈውና በትከሻው ሊሸከመው ሮጠ። እርሱ ግን ከኮርቻው ወርዶ ማንንም አላየም። ተንበረከከና የቡላውን አራት እግሮች አንድ በአንድ ከጉልበት እስከ ኮቴ በእጁ ዳሰሰ። አጎቴም ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ ዛቡን ያዘለት።